ሳተላይትን ክፍል በክፍል ስለ መሥራት፤ የሙቀትና የኤሌክትሪክ አያያዝ

ስለ ሳተላይት በሚነገርበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለሚያስወነጭፋት ሮኬትና ወደ ምድር ስለምትልከው ፎቶግራፍ ነው። ሳተላይቷ ራሷ በዚያ ባዶ ሥፍራ እንዴት ውላ እንደምታድር፤ ምግቧን ከየት እንደምታገኝ፤ ትኩሳቷን በምን እንደምታወጣ፤ ብርድ ሲመጣ ምን እንደምትለብስ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እኛ ግን ነገሩን ስናጠናው ከሮኬቱ እሳት ይልቅ ይህ የቤት አያያዝ ጉዳይ የበለጠ የሚያስደንቅ ሆኖ ስላገኘነው፤ ለማኅበራችን መጽሔት አንባብያን ልናቀርበው ወደድን። የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሳተላይት ብዕር ማንሣታችን በሳይንስ ፋኩልቲ ያሉትን ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን ፈገግ እንደሚያሰኛቸው እናውቃለን። ይሁን እንጂ የነገሩ ግማሽ የሒሳብ ሳይሆን የአደረጃጀት ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «የቱን ከየቱ ለይተን እናኑር? የተለያዩትስ በምን ይገናኙ?» የሚለው ነው። (ሌላ ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ ከእኛም የራቀ አይደለም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት፤ ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. 1 የተባለችውን፤ ከቻይና አገር ከታይዩአን ጣቢያ አስወንጭፋለች። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ያህል ነበር፤ የምድር ጣቢያዋም በእንጦጦ ተራራ ላይ ተሠራ። በዓመቱ ደግሞ ከእርሷ በጣም ያነሰች ሁለተኛ ሳተላይት ተከተለች። እንግዲህ አገራችን ሳተላይት ከሚያዝዙ አገሮች መካከል ከገባች፤ በሚታዘዝበት ጊዜ ምን መጠየቅ እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋታል። ያም ሰው ሁልጊዜ መሐንዲስ አይሆንም። ውሉን የሚያረቅቀው የሕግ ተማሪ፤ በጀቱን የሚመረምረው የኤኮኖሚክስ ተማሪ ሊሆን ይችላል። ስለማያውቀው ዕቃ ውል የሚፈርም ሰው ደግሞ ሻጩ የሰጠውን ይዞ ከመሄድ ሌላ ምርጫ የለውም።

መጀመሪያ ስለ ሥፍራው ጥቂት እንበል። በደጋ አገር፤ በደብረ ብርሃን አካባቢ ለምሳሌ፤ በታኅሣሥ ወር ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ሰው ጀርባው ሲቃጠል ጥላ ውስጥ ያለው እግሩ ይቀዘቅዛል። በጠፈር ላይ ያለው ነገር ይኸው ነው፤ ነገር ግን ያለ ልክ የበረታ ነው። በምድር አጠገብ በሚገኘው ጠፈር፤ ፊቱን ለፀሐይ በሰጠ በአንድ ካሬ ሜትር ገበታ ላይ 1361 ዋት ያህል የፀሐይ ኃይል ያርፋል። ገበታው ጀርባውን ያዞረበት ሰማይ ግን ከማናቸውም የምድር ብርድ የባሰ ብርድ ነው። በመካከላቸው ነገሩን የሚያለዝብ አየር የለም። እኛ በምድር ላይ የጋለ ምጣድ የሚቀዘቅዘው አብዛኛውን ጊዜ አየር እየነካው ሲያልፍ ነው፤ የመኪና ሞተርም የሚድነው በራዲያተሩ ላይ ነፋስ ስለሚነፍስ ነው። በጠፈር ላይ ይህ መንገድ ተዘግቷል። ሙቀት ከአንዱ የሳተላይት ብረት ወደ ሌላው በመነካካት ይሄዳል፤ ከሳተላይቷ ወደ ውጭ ግን ሊወጣ የሚችለው በጨረር ብቻ ነው። በጨረር ጥሩ አድርጎ የሚያወጣ ጥቁር ገበታ ሙቀቱ 0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ከአንድ ካሬ ሜትር 315 ዋት ያህል፤ 40 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ 545 ዋት ያህል ያወጣል። ከዚህ የምንረዳው፤ ሙቀት ማስወጣት የፈለገ ሁሉ ስፋት ያለው ግድግዳ ሊኖረው እንደሚገባ ነው።

በ600 ኪሎ ሜትር ከፍታ የምትዞር ሳተላይት ምድርን አንድ ጊዜ ለመዞር 97 ደቂቃ ያህል ይበቃታል። ከዚህም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 35 ደቂቃ ያህሉን የምታሳልፈው በምድር ጥላ ውስጥ ነው። እንግዲህ በአንድ ቀናችን ውስጥ ወደ 15 የሚጠጉ ቀኖችና ሌሊቶች አሏት ማለት ነው፤ በዓመት ሲታሰብ ከ5000 ይበልጣል። በየሌሊቱ ባትሪዋ ይራገፋል፤ በየቀኑ ይሞላል። ይህ ባትሪ ነው እንግዲህ የቤቱ አስቸጋሪ ሽማግሌ። ዛሬ የሚሠራባቸው የሊቲየም ባትሪዎች ከ0 ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ሲሞሉ ይጎዳሉ፤ ሙቀት ሲበዛባቸው ደግሞ ዕድሜያቸው ያጥራል። የራዲዮውና የሒሳብ ማሽኑ ክፍሎች ከዚህ እጅግ የሰፋ ብርድና ሙቀት ይችላሉ፤ የፀሐይ ገበታዎቹ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ቻይ ናቸው። ሁሉንም በአንድ ክፍል ውስጥ አጉሮ ለሁሉም የሚስማማ አንድ ሙቀት መፈለግ፤ ሁሉንም በሽማግሌው ፍላጎት ማስተዳደር ይሆናል።

አንድ ሌላ ነገር መጨመር አለብን፤ የጽሑፋችን መሠረት እርሱ ነውና። ሙቀትና ኤሌክትሪክ በሳተላይት ላይ ሁለት ጉዳዮች አይደሉም። ዛሬ በጠፈር ላይ ከሚያገለግሉት የፀሐይ ገበታዎች ጥሩዎቹ ከሚያርፍባቸው ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት 30 በመቶ ያህሉን ነው፤ ከቀረው አብዛኛው ሙቀት ይሆናል። የተገኘውም ኤሌክትሪክ በየመሣሪያው ሠርቶ ሠርቶ፤ በራዲዮ ሞገድ ከሚወጣው ጥቂት በቀር፤ መጨረሻው ሙቀት ነው። ሌሊት ሲመጣ ደግሞ ባትሪው ራሱን ለማሞቅ ከራሱ ይበላል። ስለዚህ የኤሌክትሪኩ ገቢ የሙቀቱ ገቢ ነው፤ የሙቀቱ ጉድለት የኤሌክትሪኩ ወጪ ነው። አንዱን መሐንዲስ «አንተ ኤሌክትሪኩን ብቻ አስብ»፤ ሌላውን «አንተ ሙቀቱን ብቻ አስብ» ብሎ በየቢሮው መዝጋት የሚያመጣውን ጣጣ ከዚህ ቀጥለን እናያለን።

ከፋፍሎ መሥራት ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የድሮ ባላባት ግቢ በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። እልፍኙ ለብቻው፤ ማድ ቤቱ ለብቻው፤ ጠጅ ቤቱ ለብቻው፤ ዕቃ ቤቱ ለብቻው ነው። ማድ ቤቱ ከእልፍኙ የራቀው ጢሱና ሙቀቱ እንግዳ እንዳያስቸግር፤ እሳት ቢነሣም አንድ ጎጆ ተቃጥሎ ሌላው እንዲተርፍ ነው። ጠጅ ቤቱ ቀዝቀዝ ያለ ጥላ ይፈልጋል፤ ማድ ቤቱ ይህ ጉዳዩ አይደለም። ማድ ቤቱ ሲያረጅ አፍርሶ ሌላ መሥራት ይቻላል፤ እልፍኙ አይነካም። የዚህ አሠራር ዋጋ ግን አለ። ወጡ ከማድ ቤት እስከ እልፍኝ በዝናብና በነፋስ ውስጥ መጓዝ አለበት፤ ተሸካሚም ይፈልጋል። ሳተላይትን ክፍል በክፍል የሚሠሩ መሐንዲሶች ያገኙት ትርፍና የገጠማቸው ችግር ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ትርፉ በመለየት ነው፤ ችግሩ በመሸጋገሪያው ላይ ነው።

የሙቀትና የኤሌክትሪክን ዝምድና ከስካይላብ የበለጠ ግልጥ አድርጎ ያሳየ ታሪክ አላገኘንም። ስካይላብ አሜሪካኖች ሜይ 14 ቀን 1973 ያስወነጨፉት ሰው የሚኖርበት የጠፈር ጣቢያ ነበር። ሮኬቱ ከተነሣ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ፤ የጣቢያውን ገላ ከጥቃቅን የጠፈር ድንጋዮች የሚጠብቀው፤ ጥላም እንዲሆነው የታሰበው ሽፋን ተገነጠለ። ከሁለቱ ትላልቅ የፀሐይ ክንፎች አንዱን ይዞት ሄደ፤ ሁለተኛው ደግሞ በብረት ቁራጭ ተይዞ ሳይዘረጋ ቀረ። ጣቢያው በአንድ ጊዜ ጥላውንም ምግቡንም አጣ። የውስጡ ሙቀት ወደ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወጣ።

በምድር ያሉት ተቆጣጣሪዎች የገቡበትን ጭንቅ እንመልከት። ጣቢያው ፊቱን ለፀሐይ ቢሰጥ ኤሌክትሪክ ያገኛል፤ ነገር ግን ይቃጠላል። ፊቱን ቢያዞር ይበርዳል፤ ነገር ግን ባትሪው ይሞታል። ሰዎች እስኪላኩለት ድረስ አሥር ቀን ያህል ጣቢያውን በግማሽ እያጋደሉ፤ ትንሽ እየበላ ትንሽ እየተቃጠለ እንዲቆይ አደረጉት። ሜይ 25 ቀን የተነሡት ኮንራድ፣ ከርዊንና ዋይትስ በደረሱ ጊዜ በትንሽ ቀዳዳ በኩል እንደ ጃንጥላ ያለ ነገር አውጥተው ዘረጉለት፤ ሙቀቱም ወረደ። ጁን 7 ቀን ኮንራድና ከርዊን ወደ ውጭ ወጥተው የተያዘውን ክንፍ አስለቀቁ።

ይህን ታሪክ ሲያነብ ብዙ ሰው የሚያደንቀው ጃንጥላውን ነው፤ ይገባልም። እኛ ግን በይበልጥ የተደነቅነው በሌላ ነገር ነው። ለመሆኑ ሁለቱም ትላልቅ ክንፎች ከጥቅም ውጭ በሆኑበት ሰዓት ጣቢያው በምን ኤሌክትሪክ ነበር የቆየው? መልሱ፤ ፀሐይን የሚያጠናው የቴሌስኮፕ ክፍል እንደ ነፋስ ወፍጮ የተዘረጉ አራት የራሱ ክንፎችና የራሱ ባትሪዎች ስለነበሩት ነው። በሁለቱ ክፍሎች መካከልም ኤሌክትሪክ የሚካፈሉበት መስመር ነበረ። ኤሌክትሪክ የሚመነጨው ከአንድ ቦታ ብቻ ቢሆን ኖሮ የጃንጥላውን ብልሃት ለማሰብ ጊዜ ባልተገኘ ነበር። የሙቀቱ ነገር ግን እንዲህ አልተከፈለም ነበር፤ ሽፋኑ አንድ ነበር፤ አንዱ ሲሄድ ሁሉም ሄደ።

በዚያው በ1970ዎቹ ዓመታት በናሳ የጎዳርድ ማዕከል የሚሠሩ መሐንዲሶች፤ ከእነርሱም ፍራንክ ሴፖሊና የተባለው ዋና ሆኖ፤ አንድ አዲስ አሠራር አቀረቡ። ለእያንዳንዱ ሳተላይት አዲስ ገላ ከመሥራት፤ ለብዙ ዓይነት ሥራ የሚሆን አንድ አጥንት ይሠራ አሉ። አጥንቱ ሦስት ማዕዘን ነው። በሦስቱ ጎኖቹ ሦስት ሣጥኖች ይቀመጣሉ፤ አንዱ የኤሌክትሪክ፤ አንዱ የመገናኛና የሒሳብ፤ አንዱ የአቅጣጫ መጠበቂያ። መመልከቻ መሣሪያዎቹ ከላይ ይቀመጣሉ። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር የሙቀቱ አሠራር ነው። እያንዳንዱ ሣጥን ከአጥንቱ ጋር በሙቀት እንዳይነካካ ተደርጎ የተቀመጠ፤ በውጭ ፊቱ ላይ የራሱ ራዲያተር ያለው፤ በራዲያተሩም ላይ ሲሞቅ የሚከፈት ሲበርድ የሚዘጋ ቅጠል ቅጠል መዝጊያ የተደረገለት ነው። ሌላው ጎኑ ጋቢ ለብሷል፤ ጋቢ ማለታችን ቀልድ አይደለም። የእኛ ጋቢ አራት ድርብ ሆኖ በድርቡ መካከል በሚይዘው አየር ያሞቃል፤ የሳተላይት ጋቢ ደግሞ እንደ ወረቀት የሳሱ፤ አሉሚኒየም የተቀቡ ብዙ ድርቦች ሆኖ በመካከላቸው ምንም ባለመኖሩና ጨረርን በመመለሱ ያሞቃል። እንደ ፔርሙዝ ማለት ነው።

እንዲህ መደረጉ የሰጠው ነፃነት ትልቅ ነው። የኤሌክትሪኩን ሣጥን የሚሠራው ፋብሪካ የአቅጣጫው ሣጥን ምን ያህል እንደሚሞቅ ማወቅ አያስፈልገውም። እያንዳንዱ ሣጥን ለብቻው ባዶ ጋን ውስጥ ገብቶ በብርድና በሙቀት ይፈተናል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው አይታመምም። ዋጋውም የታወቀ ነው፤ ሦስት ራዲያተር፤ ሦስት ዓይነት ማሞቂያ፤ ተጨማሪ ክብደት። አንዱ ሣጥን ሙቀት ተርፎት ሲጥል፤ ጎረቤቱ በርዶት ከባትሪ እየበላ ይሞቃል። በአንድ ግቢ ውስጥ እየኖሩ እሳት አለመበዳደር ማለት ነው።

ይህ አሠራር የተፈተነው ሶላር ማክስ በተባለችው ሳተላይት ነው። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1980 ፀሐይን ለማጥናት ተነሣች፤ ዓመት ሳይሞላት በአቅጣጫ ሣጥኗ ውስጥ ፊውዞች ተበላሽተው ወደ ፀሐይ ተስተካክላ መቆም ተሳናት። በኤፕሪል 1984 ቻሌንጀር የተባለችው መንኮራኵር ልትጠግናት ሄደች። በመጀመሪያው ቀን ኔልሰን የተባለው የጠፈር ተጓዥ ሊይዛት ሲቀርብ መያዣው አልቆልፍ አለው። ምክንያቱ ከጊዜ በኋላ ታወቀ፤ የሙቀት ጋቢውን የሚያያይዝ አንዲት ትንሽ ቁራጭ፤ በሥዕሉ ላይ ያልሠፈረች፤ በመንገዱ ላይ ቆማ ነበር። ሳተላይቷም ተነካክታ መንከባለል ጀመረች፤ ገበታዎቿ ከፀሐይ ስለራቁ ባትሪዋ ሊያልቅ ጥቂት ቀረው። የጎዳርድ ሰዎች ሌሊቱን ሲታገሉ አድረው አረጋጓት፤ ባትሪዋም ሞላ። ኤፕሪል 10 ቀን በመንኮራኵሯ ረጅም ክንድ ተያዘች። በማግሥቱ ኔልሰንና ቫን ሆፍተን የተበላሸውን ሣጥን ፈትተው አዲሱን አስገቡ፤ በቀላሉም ሆነ፤ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነበርና።

በዚያው ቀን ግን ሌላ ሥራ ነበራቸው። ከመመልከቻ መሣሪያዎቹ የአንዱ የኤሌክትሮኒክስ ሣጥን ተበላሽቶ ነበር፤ ይህኛው ደግሞ በጠፈር ላይ እንዲለወጥ ተብሎ አልተሠራም። ጋቢውን በመቀስ መቍረጥ፤ በካቻቢቴ የሚፈቱ ጥቃቅን ብሎኖችን በወፍራም ጓንት መፍታት፤ መሰኪያዎቹን አንድ በአንድ መንቀል ነበረባቸው። ተሳካላቸው። ሆኖም በአንድ ሳተላይት ላይ፤ በአንድ ቀን፤ ሁለቱ አሠራሮች ጎን ለጎን ታዩ። ሶላር ማክስ ከዚያ በኋላ እስከ 1989 መጨረሻ ድረስ አገልግላለች። በዚሁ አጥንት ላይ የተሠራችው ላንድሳት 5 ደግሞ በማርች 1984 ተነሥታ የመሬትን ፎቶግራፍ ስታነሣ ከ25 ዓመት በላይ ቆይታለች።

ወደ መሸጋገሪያው እንመለስ፤ የችግሩ ሁሉ ሥር እዚያ ነውና። ሁለት ብረቶች በብሎን ሲያያዙ ለዓይን የተጣበቁ ይመስላሉ። በእውነቱ ግን የሚነካኩት በጥቃቅን ጉብታዎቻቸው ጫፍ ብቻ ነው። በምድር ላይ በመካከል ያለውን ክፍተት አየር ይሞላውና ሙቀት በዚያ በኩል ይሻገራል። በጠፈር ላይ ክፍተቱ ባዶ ነው፤ ስለዚህ መጋጠሚያው ሙቀትን ይከለክላል። መድኃኒቱ ብሎኑን ማጥበቅ፤ ብዙ ብሎን ማድረግ፤ በመካከል ለስላሳ ነገር መጨመር ነው። እነዚህ ሁሉ ግን መጋጠሚያውን ለመፍታት አስቸጋሪ ያደርጉታል። በቀላሉ የሚፈታ መጋጠሚያ ሙቀት አያሻግርም፤ ሙቀት የሚያሻግር መጋጠሚያ በቀላሉ አይፈታም። ከዚህ የተነሣ በክፍል መሥራት የፈለገ ሰው ከሁለት አንዱን መምረጥ አለበት፤ ወይ እንደ ሶላር ማክስ እያንዳንዱን ክፍል በሙቀት ራሱን ማስቻል፤ ወይም ሙቀቱን በፈሳሽ ቧንቧ ወይም በሌላ ብልሃት ወደ አንድ የጋራ ራዲያተር ማጓጓዝ።

ሁለተኛውን መንገድ በትልቁ የሚያሳየን ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ነው። ሰው በሚኖርባቸው ክፍሎች ውስጥ ውሃ በቧንቧ እየዞረ ሙቀቱን ይለቅማል፤ ከዚያም በግድግዳው በኩል ለአሞኒያ ያስረክባል፤ አሞኒያው በውጭ ወዳሉት ትላልቅ ራዲያተሮች ይወስደዋል። ውሃ በውጭ እንዳይዞር ስለሚቀዘቅዝ፤ አሞኒያ በውስጥ እንዳይዞር መርዝ ስለ ሆነ ነው፤ የሥራ ክፍፍሉ ይህን ያህል የተጠነቀቀ ነው። በጁላይ 31 ቀን 2010 ከሁለቱ የአሞኒያ ፓምፖች አንዱ ቆመ። የፀሐይ ክንፎቹ ደኅና ነበሩ፤ ኤሌክትሪክ አልጎደለም። ነገር ግን ሙቀቱን የሚያወጣ ስለሌለ ብዙ መሣሪያዎችን ማጥፋት ግድ ሆነ። መብራት ሞልቶ ሳለ መብራት ማጥፋት! ዊሎክና ካልድዌል ዳይሰን ሦስት ጊዜ ወደ ውጭ ወጥተው ፓምፑን ለወጡት። በመጀመሪያው ቀን ያስቸገራቸው ፓምፑ ራሱ አልነበረም፤ የአሞኒያው ቧንቧ መጋጠሚያ አልላቀቅ ብሎ፤ ዊሎክ በመዶሻ እስኪመታው ደርሷል። አሞኒያውም ፈስሶባቸዋል። እንግዲህ እንደገና መጋጠሚያ።

በኤሌክትሪኩ በኩል ያለው ጥያቄ ከዚህ ይቀላል እንል ይሆናል፤ ሽቦ ከቧንቧ ይልቅ ይታጠፋልና። እውነት ነው፤ ነገር ግን የራሱ ጣጣ አለው። በምንኖርበት ማደሪያ አንድ ሰው የኤሌክትሪክ ምድጃውን ሲሰካ ፎቁ በሙሉ ጨለማ የሚሆነው ለምን እንደ ሆነ የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም፤ ፊውዙ አንድ ስለ ሆነ ነው። በሳተላይትም ኤሌክትሪኩ ከአንድ ማዕከል ቢታደል ክብደት ይቀንሳል፤ የአንዱ ጥፋት ግን የሁሉ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቮልት ለዋጭና የራሱ መከላከያ ቢደረግለት ጥፋቱ በየቤቱ ይቀራል፤ ነገር ግን ለዋጭ ሁሉ ከሚያልፍበት ኤሌክትሪክ ጥቂት ያስቀራል። ከ100 ዋት 10 ዋት ቢያስቀር፤ ያ 10 ዋት ሙቀት ሆኖ በዚያው ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ተመልሰን ሙቀቱ ጋ መጣን ማለት ነው። መሥመሩ ሲረዝም ደግሞ ከፍ ያለ ቮልት ይመረጣል፤ ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ያው ኃይል በግማሽ ጅረት ይሄዳል፤ በሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነውም ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። በጠፈር ጣቢያው ላይ የክንፎቹ መሥመር 160 ቮልት ያህል የሆነው ለዚህ ነው።

የቱንም ያህል ቢከፋፈል ግን ሽቦዎች ሁሉ የሚገናኙበት አንድ ቦታ መኖሩ አይቀርም። ሀብል ቴሌስኮፕ በ1990 ሲነሣ ብዙ ክፍሎቹ በጠፈር ላይ እንዲለወጡ ተደርገው የተሠሩ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ የፀሐይ ክንፎቹ ከብርሃን ወደ ጥላ፤ ከጥላ ወደ ብርሃን ባለፉ ቁጥር በሙቀት ለውጥ እየተሳቡና እየተኮማተሩ ቴሌስኮፑን ያንቀጠቅጡት ስለነበር በ1993 ተለወጡ። (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ዕቃ በሙቀት ምክንያት የዓይንን ሥራ ሲያበላሽ፤ ሦስቱን ጉዳዮች በሦስት ቢሮ የለየ ሰው ምን ይል ይሆን?) ነገር ግን ኤሌክትሪኩን የሚያከፋፍለው ዋናው ሣጥን ይለወጣል ተብሎ አልታሰበም ነበር፤ 36 መሰኪያዎች ተሰክተውበታል። በማርች 2002 እርሱም መለወጥ ግድ ሆነ። ለዚህ ሲባል ቴሌስኮፑ ከተነሣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጽሞ ጠፋ። ማሞቂያዎቹም አብረው ጠፉ፤ ስለዚህ ሥራው ቢዘገይ ብርዱ መሣሪያዎቹን ሊያበላሻቸው ይችል ነበር። ግረንስፌልድና ሊነሃን በጓንት እጃቸው 36ቱን ነቅለው 36ቱን ሰኩ። ቴሌስኮፑም ነቃ።

ስለ ትናንሾቹ ሳተላይቶችም አንድ ቃል እንበል፤ የተማሪ ሥራ ናቸውና። በ1999 በካሊፎርኒያ ሁለት የዩኒቨርሲቲ መምህራን፤ ፑዊግ ስዋሪና ትዊግስ፤ ተማሪዎቻቸው ተመርቀው ሳይሄዱ ሠርተው የሚጨርሱት ሳተላይት ይሁን ብለው፤ ጎኑ ሁሉ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ ደነገጉ። ኩብሳት ይባላል። ከዚህ መጠን ሁለቱን ወይም ሦስቱን መቀጠል ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ በ2003 ተነሡ፤ ከዚያ ወዲህ የብዙ አገር ተማሪዎች ሠርተዋቸዋል። የእነርሱ ችግር ከትልልቆቹ ይለያል። የአንድ ኩብ ጎን ሁለት እጥፍ ሲሆን ቆዳው አራት እጥፍ፤ ሆዱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ትልቅ ሳተላይት ሙቀቱን የሚያወጣበት ቆዳ ያንሰዋል፤ ትንሽ ሳተላይት ግን ሙቀት የሚያከማችበት ሆድ የለውምና ጥላ ውስጥ ሲገባ ወዲያው ይበርዳል፤ ሲወጣ ወዲያው ይግላል። ደግሞም የኩብሳት አንድ ፊት በቀጥታ ፀሐይ ቢመታው የሚያገኘው 13.6 ዋት ነው፤ ከዚህም ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠው 4 ዋት ያህል ቢሆን ነው። ያችኑ ጠባብ ቆዳ የፀሐይ ገበታውም ራዲያተሩም ይሻሟታል። ለዚህ ነው ዛሬ በብዙዎቹ ላይ የሚዘረጉ ክንፎች የምናየው፤ ክንፉ ለኤሌክትሪክ፤ ገላው ለሙቀት እንዲሆን።

በ2010ዎቹ ዓመታት በጀርመን አገር፤ በአኸንና በበርሊን ዩኒቨርሲቲዎች የተሠራበት አይቦስ የተባለ ሐሳብ ደግሞ ነገሩን እስከ ጫፍ ወስዶታል። ጎኑ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ እንደ ጡብ ተደርድሮ ሳተላይት ይሁን፤ በየፊቱም አንድ መቆለፊያ ኖሮ በአንድ ጊዜ ብረቱንም፣ ኤሌክትሪኩንም፣ መልእክቱንም፣ ሙቀቱንም ያሻግር ይላል። ከአራቱ ውስጥ እኛ በይበልጥ የሚያስቸግረው አራተኛው ነው ብለን እናምናለን፤ ምክንያቱንም ስለ ሁለቱ ብረቶች ስንጽፍ ተናግረናል። በእኛ አስተያየት በትንሹ ሳተላይት ላይ ሁሉን መከፋፈል ክብደትን በከንቱ ማባከን ነው፤ ሙቀቱን በአንድ ገላ ማካፈል ይሻላል፤ ባትሪው ብቻ የራሱ ክፍልና የራሱ ጋቢ ይኑረው። በትልቁ ላይ ግን፤ በተለይም ሊጠገን በሚችለው፤ እያንዳንዱ ክፍል ለሙቀቱ ራሱን ቢችል፤ ለኤሌክትሪክ ደግሞ ቢያንስ ከሁለት ቦታ ቢመገብ የስካይላብን ዓይነት ጭንቅ ያቃልላል።

በሚቀጥለው ውላችን ምን ይጠየቅ እንደ ሆነ ግን አንድ ነገር ለማለት እንደፍራለን። በሶላር ማክስ ላይ ጥገናውን ያሰናከለችው ቁራጭ በሥዕሉ ላይ አልነበረችም። እንግዲህ ሳተላይት ሲታዘዝ ከሚረከቡት ዕቃ ጋር የመጋጠሚያዎቹ ሁሉ ሥዕልና የሙቀቱ የሒሳብ መዝገብ አብሮ መረከብ በውሉ ውስጥ ይጻፍ፤ በየትኛው ክፍል ስንት ዋት እንደሚገባ፤ በየትኛው ግድግዳ እንደሚወጣ፤ የባትሪው ክፍል በጥላ ውስጥ ምን ያህል እንደሚበርድ። ይህ ወረቀት በእጅ ካለ የሚቀጥለውን ሳተላይት አንዱን ክፍል፤ ለምሳሌ የባትሪውን ሣጥን፤ እዚሁ አገር ለመሥራት መሞከር ይቻላል። ከሌለ ግን ሣጥኑን ቢሠሩት እንኳ ከምን ጋር እንደሚገጥም አይታወቅም።

የኩብሳትን የባትሪ ክፍል በ35 ደቂቃ ጥላ ውስጥ ከ0 ዲግሪ በላይ ለማቆየት ስንት ዋት እንደሚበቃ አንድ የሳይንስ ወይም የኢንጂነሪንግ ፋኩልቲ ተማሪ ሒሳቡን ሠርቶ ለሚቀጥለው እትም ቢልክልን፤ አዘጋጆቹ ቦታ እንደሚሰጡት ቃል ገብተውልናል።